ጨዋው ታራሚ ወደ ቤቱ ሲመለስ

ሚስቱን ደብድቦ የታሰረ ሰው በማረሚያ ቤት ግቢ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ጠበኛ አይደለም። ለቆጠራ በሰዓቱ ይሰለፋል፤ ለኃላፊ ይታዘዛል፤ አብረውት ከሚያድሩት ጋር ተስማምቶ ይኖራል፤ ሶላቱን ወይም ጸሎቱን አያስታጉልም፤ የእጅ ሥራ ከተገኘም ይሠራል። ከእሱ በሚበረታ ሰው ላይ እጅ ማንሳት እንደማያዋጣ ድሮም ያውቃል። ገበያ ላይ ያታለለውን ነጋዴ አልመታም፤ ቢሮ ያመላለሰውን ሹም አልመታም። የመታው በር ዘግቶ፣ መልሳ የማትመታውን ሴት ነው። ስለዚህ በማረሚያ ቤቱ መዝገብ ላይ ስሙ ንጹህ እንደሆነ ይቆያል፤ ጊዜው ሲደርስም በመልካም ጠባይ አመክሮ ያገኛል። ከዚያ የሚሄደው ወደዚያው ቤት ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ የሚደረገው ክርክር ሁሉ ፍርዱ ላይ ያልቃል። ስንት ዓመት ተፈረደበት፣ አነሰ፣ በዛ፣ ይግባኝ አለ ወይ ይባላል። ሰውየው ከታሰረ በኋላ ምን ይደረግለታል፣ ምን ይጠየቃል፣ ሲወጣስ ሚስቱና ልጆቹ ማንን ይዘው ይጠብቁታል የሚለውን የሚያነሣ የለም። እስራቱ ግን ማብቂያ አለው፤ አብዛኛው ደግሞ አጭር ነው።

ሕጉን እንይ። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ወይም ያለ ጋብቻ አብረው በሚኖሩ ሰዎች መካከል የሚፈጸም የኃይል ድርጊት እንደማንኛውም የአካል ጉዳት እንደሚያስቀጣ በግልጽ ደንግጓል። ከባድ የአካል ጉዳት ያደረሰ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ብዙው የቤት ውስጥ ድብደባ ግን ወደዚያ አይደርስም። የተሰበረ አጥንት ወይም የጠፋ ዓይን ከሌለ ጉዳዩ ቀላል የአካል ጉዳት ተብሎ እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ያልቃል፤ ክሱም የሚነሣው የግል አቤቱታ ሲቀርብ ነው። ዱላው ምልክት ካልተወ ደግሞ ቅጣቱ እስከ ሦስት ወር እስራት ወይም የጥቂት መቶ ብር መቀጮ ነው።

አንድ ዓመት የተፈረደበት ሰው ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ፣ ማለትም በስምንተኛው ወር፣ አመክሮ ሊጠየቅለት ይችላል። ሕጉ ለአመክሮ ያስቀመጣቸው መመዘኛዎች በራሳቸው መጥፎ አይደሉም። ታራሚው በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ማሳየት አለበት፤ አቅሙ የፈቀደውን ያህል ጉዳቱን መካስ አለበት፤ ወደፊትም መልካም ጠባይ ይኖረዋል ተብሎ መታመን አለበት። ማረሚያ ቤቱ ያቀርባል፣ ፍርድ ቤቱ ይወስናል። ሌባው ስርቆቱን፣ ተደባዳቢው ድብድቡን መተዉ በግቢው ውስጥ በመጠኑም ቢሆን ይታያል፤ የሚሰረቅ ዕቃና የሚደበደብ ሰው እዚያም አለና። ሚስቱን የሚመታ ሰው ግን ሚስት በሌለችበት ግቢ ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም የሚባለው በምን ተመዝኖ ነው? የስምንት ወር ጨዋነቱ ስለ ቤቱ የሚናገረው ነገር የለም። ማረሚያ ቤቱ የሚያየው የሰውየውን አንድ ገጽ ነው፤ ሌላኛውን ገጽ የምታውቀው አንዲት ሴት ስትሆን እሷን ደግሞ ጠርቶ የሚጠይቅ የለም።

ሕጉ እዚህ የደረሰውም በቀላሉ አልነበረም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት ጠልፎ የደፈረ ሰው ተበዳይዋን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችው የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ገድላ ለፍርድ ስትቀርብ፣ መዓዛ አሸናፊና ባልደረቦቿ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ጥብቅና ቆሞላት ራሷን ለመከላከል ነው ተብሎ በነጻ ተለቀቀች። ታሪኳ በኋላ "ድፍረት" በሚል ርዕስ ፊልም ሆኗል። በ1996ቱ ሕግ ጠላፊ በጋብቻ ከቅጣት ማምለጡ ቀረ፤ ጠለፋም ከ3 እስከ 10 ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። ይህ ትልቅ ድል ነበር። ሆኖም ያው ሕግ የመድፈርን ወንጀል ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸም ድርጊት ወስኖታል። ባል ሚስቱን አስገድዶ ቢደፍር በዚህ አንቀጽ አይጠየቅም፤ ስለዚህ በዚህ ጥፋት የታሰረ ታራሚ ተፈልጎም አይገኝም።

በማረሚያ ቤት ያሉት ፍርደኞች ከጠቅላላው ችግር ምን ያህሉ እንደሆኑ ለመገመት በ2008 ዓ.ም. የተካሄደውን የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ጥናት ማየት ይጠቅማል። በዚህ አገር አቀፍ ጥናት የቤት ውስጥ ጥቃት ለመጀመሪያ ጊዜ በዝርዝር ተጠይቋል። ካገቡ ወይም አግብተው ከፈቱ ሴቶች 34 በመቶዎቹ ከባላቸው አካላዊ፣ ፆታዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። አካላዊ ወይም ፆታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ውስጥ 66 በመቶዎቹ ርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም። ርዳታ የጠየቁትም አብዛኞቹ የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ዘመድ ነው። በዚሁ ጥናት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ሲሆኑ ወንዶቹ 28 በመቶ ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው የብዙ አገሮች ጥናት በቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ሴቶች 71 በመቶዎቹ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ከትዳር አጋራቸው አካላዊ ወይም ፆታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል።

ስለዚህ ተከሶ፣ ምስክር ተሰምቶበት፣ ተፈርዶበት ማረሚያ ቤት የገባው ባል ብርቅ ሰው ነው። እሱን ለማሰር ሚስቱ ብዙ በር አንኳኩታለች፤ ብዙ ሽማግሌ አሳፍራለች፤ ከዘመድ ተቀያይማለች። ይህን ሁሉ ከፍላ ያስገባችውን ሰው መንግሥት ስምንት ወር አብልቶ፣ አንድም ነገር ሳይጠይቀው ቢመልስላት ልፋቷ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ይባስ ብሎም በሚቀጥለው ጊዜ አቤት እንዳትል ትምህርት ይሆናታል።

ባቲን ምሳሌ አድርጎ ማየት ይቻላል። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች፣ በሰኞ ገበያዋ ስሟ የገነነ ከተማ ናት። ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ ግመሉንና ከብቱን፣ እህሉንና ጨርቁን ይዞ የሚገናኝባት ስትሆን፣ አስተዳደሯ ማዕከሉ ከሚሴ የሆነው የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው። በንጉሡ ዘመን ወንጀለኛ በገበያ ቀን በአደባባይ ይሰቀል በነበረ ጊዜ የመስቀያ እንጨት ከቆመባቸው ገበያዎች አንዱም የባቲ ነው። ያ ቅጣት ሕዝብ እንዲያይ የተደረገ ነበር። የዛሬው ቅጣት ሰብዓዊ ነው፤ መሆንም አለበት። ነገር ግን መጀመሪያውን ፍርድ ቤት ያያል፣ መካከሉን ማረሚያ ቤት ያያል፣ መጨረሻውን ግን ከባለቤቲቱ በቀር የሚያይ የለም።

በዚህ አካባቢ የተመታች ሴት መጀመሪያ የምትሄደው ፖሊስ ጣቢያ አይደለም። ወደ አባቷ ቤት ትሄዳለች፤ ከዚያ ሽማግሌ ይላካል። በወሎ አባጋር የሚባሉ በሕዝብ የተከበሩ አስታራቂዎች አሉ፤ የደም ጠብ ሳይቀር ያበርዳሉ፤ ሃይማኖት አያግዳቸውም። ጉዳዩ የፍቺ ከሆነ ቃዲው ዘንድ ይደርሳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ በር ከፍቷል። ድብደባ ግን የቤተሰብ ክርክር ሳይሆን ወንጀል ነው። በሽምግልናው ላይ ይህ ልዩነት ይጠፋል።

ሽምግልናው እንዲህ ይሆናል። ቡና ይፈላል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ባልየው ከሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ሴትየዋ ጓዳ ደጃፍ ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ወደ እሷ ይዞራሉ። "ልጄ፣ ሰብር አድርጊ፤ ለልጆችሽ ስትይ ተይለት። አላህ ያውቅልሻል" ይሏታል። ምን እንደሆነች፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ በምን እንደመታት የጠየቃት የለም። "እሺ አባቶቼ" ትላለች። በዚያች ቃል አቤቱታዋ ይነሣል፤ ክሱ ተጀምሮ ከሆነም ምስክሮቿ ይሸሻሉ፤ ዐቃቤ ሕጉ ባዶ መዝገብ ይዞ ይቀራል።

ክፋቱ ይኸው ጫና ከፍርድ በኋላም አይቆምም። ባል ሲታሰር የገቢው ምንጭ አብሮ ይታሰራል። ማሳው ሳይታረስ ያድራል፤ የቤት ኪራይና የልጆች ልብስ በሴትየዋ ትከሻ ላይ ይወድቃል። የባል ወንድሞችና እናት "ልጃችንን አሳሰርሽው" ይሏታል። እሷም ብዙ ጊዜ ስንቅ ይዛ ልትጠይቀው ትሄዳለች። እንጀራውን በሳህን አድርጋ፣ ወጡን በኩባያ ዘግታ፣ በላስቲክ ጠቅልላ በፍተሻው ሰልፍ ላይ ትቆማለች። ጠባቂው እንጀራውን ገልጦ ያያል፤ ቅመሺ ይላታል፤ ትቀምሳለች። ከባቲ ተነሥታ ከሚሴ የምትሄድ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ኮምቦልቻ ወጥታ፣ ከዚያ በአዲስ አበባው መንገድ ወደ ደቡብ መውረድ አለባት፤ ለመሳፈሪያ የምታወጣው ገንዘብ ከልጆቿ ጉሮሮ የተነጠቀ ነው። ለምን ትሄጃለሽ ቢሏት "የልጆቼ አባት ነው" ትላለች። እውነቷን ነው። ግን በዚያች የጥየቃ ሰዓት፣ በአጥሩ ማዶ ሆኖ፣ "ታርቀናል ብለሽ ፈርሚልኝ" የሚላትም እሱ ነው።

ለምን ፊርማዋን ይፈልጋል? አመክሮውም ሆነ ይቅርታው ካሳንና እርቅን በበጎ ስለሚያዩ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የይቅርታ አዋጅ ቁጥር 840 ይቅርታ ጠያቂው ከተበዳይ ጋር ለመታረቅ ያደረገውን ጥረት ከሚታዩት ነገሮች አንዱ አድርጎታል። ለነፍስ ግድያ ይህ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ደም ሳይደርቅ የሚመለስ ሰው ሌላ ደም ያስከትላልና። በባልና በሚስት መካከል ግን እርቁን የሚሰጠው ሰውና አደጋው የሚጠብቀው ሰው አንድ ናቸው። ፊርማዋ ነጻነቱን ከገዛለት፣ አልፈርምም ማለቷ ደግሞ ሲወጣ ቂም የሚይዝበት ነገር ከሆነ፣ ያ እርቅ በፈቃድ የተሰጠ ነው ማለት አይቻልም።

ማረሚያ ቤቶቻችን ምንም አይሠሩም ማለት ግን በደል ነው። በሕጉም በአሠራሩም ከቅጣት ወደ ተሃድሶ የመሄድ ጥረት አለ። የወንጀል ሕጉ ጥፋተኛው እንዲታረም ማድረግን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጓል። የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1174/2012ም ታራሚው ታንጾና ተምሮ ወደ ኅብረተሰቡ እንዲቀላቀል ማድረግን የማረሚያ ቤት ሥራ አድርጎ አስቀምጧል። በክልሎችም ታራሚዎች ቀለም ይማራሉ፤ ሽመና፣ እንጨትና ብረታ ብረት ሥራ ይሠለጥናሉ፤ የሃይማኖት አባቶች መጥተው ያስተምራሉ። ጉድለቱ ሥልጠናው ሁሉን አንድ ላይ ማየቱ ነው። ከብት የሰረቀውም፣ በገበያ የተደባደበውም፣ ሚስቱን የደበደበውም ያንኑ ሸማ ይሸምናሉ። ሽመና እጅን ያሠለጥናል እንጂ "ሚስቴ ስትመልስልኝ ለምን ዱላ አነሣለሁ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ያን ጥያቄ ደግሞ ሰውየው ራሱ አያነሣም። ብዙው ፍርደኛ የታሰርኩት "በሴት ምክንያት" ነው ብሎ ያምናል፤ ጥፋቱ መክሰሷ እንጂ መማታቱ አይመስለውም። በዚህ እምነት ገብቶ በዚህ እምነት ከወጣ እስራቱ ቂም ጨመረለት እንጂ አላረመውም።

ሌሎች ምን ሞከሩ? በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በዱሉዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው አሠራር በብዙ አገሮች ተቀድቷል። ፖሊሱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ የሴቶች ማረፊያውና አጥፊዎችን የሚያስተምረው ክፍል በአንድ መዝገብ ላይ እየተነጋገሩ ይሠራሉ፤ ወንዶቹም በቡድን ተቀምጠው ስለፈጸሙት ነገር ይናገራሉ። ውጤቱ ላይ ተመራማሪዎች አልተስማሙም። ሥልጠናው ብቻውን ሲሰጥ ለውጡ ትንሽ ነው ወይም የለም ያሉ ጥናቶች አሉ። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ ለሥልጠና ክፍል ተሠርቶ ሰርተፍኬት ታድሎ አልቋል የሚል ሰው እንዳይመጣ ይጠቅማልና። በዱሉዝ ልምድ ክብደት ያለው ክፍሎቹ እርስ በርስ መነጋገራቸውና የሴቲቱ ደኅንነት የሁሉም መለኪያ መሆኑ ነው። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው የተበዳዮች መብት ሕግ ጥፋተኛው አመክሮ ሲጠይቅ ወይም ሲፈታ ተበዳይዋ አስቀድሞ እንዲነገራት የሚያደርግ መዝገብ አላት። እንግሊዝም ተመሳሳይ አሠራር አላት። ለዚህ ሥራ ስልክና ኃላፊነት የተሰጠው አንድ ሠራተኛ ይበቃል።

ከሩቅ አገር ይልቅ ለባቲ የሚቀርበው ግን የጉራጌው ነው። በጉራጌ ዞን 64 መንደሮችን ባካተተ ጥናት በቡና ሥርዓት ላይ የተመሠረተ የጥቃት መከላከያ ውይይት ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ሰዎቹ ቡና እየጠጡ በ14 ስብሰባዎች ስለ ትዳር፣ ስለ ቁጣ፣ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ኤች አይ ቪ ተነጋግረዋል፤ በአንዳንዱ መንደር ወንዶች ብቻ፣ በአንዳንዱ ሴቶች ብቻ፣ በሌላው ባልና ሚስት አብረው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ ወንዶች ብቻቸውን በተሰበሰቡባቸው መንደሮች ወንዶቹ ፈጸምነው ያሉት ፆታዊ ጥቃት ቀንሶ ተገኝቷል። ሁሉም ነገር አልተለወጠም፤ ሴቶቹ ደረሰብን ያሉት አካላዊ ጥቃት እንደተጠበቀው አልወረደም። ቢሆንም ወንድ ከወንድ ጋር ተቀምጦ ስለዚህ ጉዳይ መነጋገር እንደሚችል፣ ባህሉም እንደማይከለክለው ታይቷል። በካምፓላም ጎረቤቶችንና የሰፈር መሪዎችን ያሳተፈ ሥራ በተሠራባቸው ሰፈሮች በባል የሚፈጸም አካላዊ ጥቃት ካልተሠራባቸው በ52 በመቶ ያነሰ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2014 ተዘግቧል።

በማረሚያ ቤት ውስጥ ይህን መጀመር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቅደም ተከተል ግን ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ እነማን እንደሆኑ መታወቅ አለበት። በመዝገብ ላይ "የአካል ጉዳት ማድረስ" የሚለው ክስ የገበያ ጠበኛውንም የቤት ደብዳቢውንም በአንድ ስም ይጠራል። ተበዳይዋ ለታራሚው ምኑ እንደሆነች የሚጻፍበት አንድ መስመር በመግቢያ ቅጹ ላይ ቢጨመር ማረሚያ ቤቱ ማንን ለብቻ ማነጋገር እንዳለበት ያውቃል።

ቀጥሎ ውይይቱ ይምጣ። አሥርና አሥራ አምስት ሆነው በሳምንት አንድ ቀን በሠለጠነ የማኅበራዊ ሳይንስ ባለሙያ መሪነት ይቀመጡ፤ ቋንቋው ታራሚው የሚያስብበት ቋንቋ ይሁን። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ከባቲ የሚመጣውም አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ወይም አፋርኛ የሚናገር ሊሆን ይችላል። በአማርኛ የተጻፈ ማንዋል ተባዝቶ ቢላክ ከመደርደሪያ አያልፍም። ኢማሞችና ቄሶች አሁንም ወደ ማረሚያ ቤት ይገባሉ፤ "ሰላም ሁኑ" ብቻ ብለው እንዳይወጡ፣ ሚስትን መምታትን በስሙ እየጠሩ እንዲያስተምሩ ይጠየቁ። ከእነሱ አፍ የወጣ ቃል ከማንኛውም ባለሙያ ቃል ይልቅ ይሰማል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። አመክሮም ሆነ ይቅርታ ከመሰጠቱ በፊት ሴትየዋ ትጠየቅ። ሰውየው ባለበት፣ ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት ወይም በጥየቃ ሰዓት አይሁን፤ ለብቻዋ፣ ቢቻል ሴት ባለሙያ ዘንድ ይሁን። እርቁ በፈቃዷ ነው ወይ? ቤቱ ሲመለስ ትፈራለች ወይ? የምትሄድበት አላት ወይ? መልሷ ሰውየውን ለዘላለም እንዲያስቀረው አይደለም፤ ፍርድ ቤቱ ሲወስን ዓይኑን ገልጦ እንዲወስን ነው። የሚፈታበትንም ቀን አስቀድማ ትወቅ። ዛሬ ብዙዋ የምታውቀው በሩ ሲንኳኳ ነው።

አራተኛው ሕጉ ውስጥ ያሉትን መሣሪያዎች መጠቀም ነው። የወንጀል ሕጉ ፍርድ ቤት ጥፋተኛውን ወደ አንድ ቦታ እንዳይሄድ ወይም በአንድ ቦታ እንዳይኖር እንዲከለክል፣ ቅጣቱን ሲገድብም የጠባይ ግዴታ እንዲያስገባው ይፈቅዳል። ከስድስት ወር ለማይበልጥ ቀላል እስራት ደግሞ ነጻነቱን ሳያሳጣ የግዴታ ሥራ ሊያዝበት ይችላል፤ ከደመወዙ እስከ ሲሶው ለመንግሥት ይቆረጣል፣ የቀረው ይደርሰዋል። ከቤቱ እንዲርቅ ከሚያዝ ክልከላ ጋር ተጣምሮ ከቀሪው ደመወዝ ለልጆቹ ቀለብ ከተወሰነ ሴትየዋ ከዱላና ከረሃብ አንዱን ምረጪ ከመባል ትድናለች። ይህ ግን ጉዳታቸው ቀላል ለሆነና ማስፈራራት ለሌለባቸው መዝገቦች ብቻ መሆን አለበት። የጥበቃ ትዕዛዝን በሙሉ አካሉ የሚደነግግ ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ ኢትዮጵያ የላትም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ዩጋንዳ በ2010፣ ኬንያ በ2015 አውጥተዋል። ሕጉ እስኪወጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ግን አይገባም።

"ለደብዳቢ ውይይትና ባለሙያ፣ ለተደብዳቢ ምን?" የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ሕክምናን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን በአንድ ቦታ ያገናኘ ማዕከል ለተጠቂዎች ብዙ ጠቅሟል። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር በአዲስ አበባና በአዳማ የከፈታቸው መጠለያዎችም እንዲሁ። የባቲ ሴት ይህን ሁሉ በቅርብ ልታገኝ ይገባታል፤ መጀመሪያም ለእሷ ይሁን። ይሁንና ሰውየውን ያለ ለውጥ የሚመልስ ማረሚያ ቤት ለመጠለያው ደንበኛ እየላከለት ነው። የአንዱ ሥራ ለሌላው ሲባል እንዳይተው ሁለቱም አብረው መሠራት አለባቸው።

ሌላው መከራከሪያ "ቅጣቱን ፈጽሟል፤ ከዚያ ወዲያ ምን አገባችሁ?" የሚል ነው። በአመክሮ የወጣ ሰው ግን ቅጣቱን አልጨረሰም፤ ቀሪውን በውጭ ሆኖ፣ ግዴታ ተጥሎበት ነው የሚጨርሰው። ግዴታው ደግሞ ወረቀት ላይ ብቻ ሊቀር አይገባም። ባል ከተመለሰ በኋላ ቤቱን የሚጎበኝ፣ ሴትየዋን ለብቻዋ የሚያነጋግር፣ ነገር ሲከር ለፖሊስ የሚያስታውቅ ሰው ያስፈልጋል። በባቲና በአካባቢዋ ይህን ሥራ ከአባጋር የተሻለ ሊሠራው የሚችል የለም። እስከ ዛሬ የተጠየቁት ክሱን እንዲያበርዱ ነበር፤ አሁን የተፈታውን ሰው እንዲከታተሉ፣ ቃሉን ሲያፈርስም እንዲመሰክሩበት ይጠየቁ። ከቀበሌው የሴቶችና ሕፃናት ባለሙያ ጋር ሆነው ከሠሩ ክብራቸው አይቀንስም።

ጦርነቱም በዚህ ላይ የራሱን ጨምሯል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ውጊያው ደሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ባቲንና ከሚሴን አዳርሷል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ፍርድ ቤት ይስተጓጎላል፤ መንገድ ይዘጋል፤ የሴት አቤቱታ ከሁሉ በኋላ ይመጣል። "አሁን የዚህ ጊዜ ነው ወይ?" የሚል ሰው ይህን ያስብ፦ ሌላው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ ሲዳከም እንኳ ማረሚያ ቤቱ ታራሚውን ይይዛል፤ ይመግባል፤ ይቆጥራል። ሰውየው እጁ ላይ ነው። በስምንት ወር ውስጥ በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ ቢነጋገረው ከሠላሳ ጊዜ በላይ ይሆናል።

ስለዚህ ጥያቄው ለአማራ ክልል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽንና ለክልሉ የይቅርታ ቦርድ ነው። የሚቀጥለው የአመክሮና የይቅርታ ዝርዝር ሲዘጋጅ ሚስቶቻቸውን በመደብደብ የተፈረደባቸው ታራሚዎች ለብቻ ይለዩ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የሚስቲቱ ቃል ለብቻዋ ተወስዶ ይያያዝ፤ ያልተያያዘበት ስም ለጊዜው ይቆይ። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በአባጋሮቹና በሦስት ቋንቋ በሚናገሩ ነዋሪዎቹ ለሙከራ የተመቸ ነው፤ ሙከራውም ከባቲ መዝገቦች ይጀመር።